በእትዬ ጥሩወርቅ ስልክ ላይ የፈጸምነው እርቅ

እኛ ወረቀት ነው የምናከብር። ማኅተም ያረፈባት ቁራጭ ከሆነች በላስቲክ ጠቅልለን፣ ሣጥን ውስጥ ቆልፈን፣ ቁልፉን አንገታችን ላይ እናስራለን። ስልክ ውስጥ ያለ ቃል ግን ለእኛ ነፋስ ነው። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» የምንል ሰዎች መሆናችንን ደግሞ አትርሱብኝ።

በአንድ ለአምስት እየተጠረነፍን ስብሰባ በምንውልበት ዘመን ነው። እትዬ ጥሩወርቅ ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። ጉልበት ቢያንሳቸው መሬታቸውን ለጎረቤታቸው ለአንሙት አርሶ ምርቱን እኩል እንዲካፈሉ ሰጡት። ሦስት ክረምት አረሰና «የአባቴ ነው» ብሎ ቁጭ አለ። የይዞታ ደብተራቸው ገና አልወጣም። ደግነቱ፣ ከመካዱ በፊት «መሬቱማ የእርስዎ ነው፤ እኔ አራሽ ነኝ» ሲል የእህታቸው ልጅ በእትዬ ስልክ ቀርጻዋለች።

እትዬ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ዳኛው ስለ ድምፁ ሲሰሙ «ስልኩን እንዳለ ጠብቀው በቀጠሮው ቀን ያቅርቡ፤ ማንም እንዳይነካው» አሏቸው። እትዬም በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረውት ወጡ።

ይኼኔ እኛ ሽማግሌዎች ደረስን። አንሙት ድንጋይ ተሸክሞ እትዬ እግር ላይ ወደቀ፤ መሬቱን እለቃለሁ ብሎ ማለ። እኛም ተራቀቅን፤ ቂሙ ስልክ ውስጥ ተቀምጦ ምን እርቅ አለ አልን። ከአራታችን የስልክ ነገር የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ የፍኖተ ሰላም ከተሜ ነኛ።

«ዳኛው አይነካ ብለዋል እኮ» አሉ እትዬ ስልኩን እያቀበሉኝ።

«ዳኛ ከእርቅ አይበልጥም» አልኳቸው። ድምፁን ከስልኩ አጠፋሁት። መርቀን፣ ጠላችንን ጠጥተን ተበተንን።

በቀጠሮው ቀን አንሙት ጠበቃ ይዞ መጣ። ድንጋዩን የት እንደጣለው እንጃ።

ዳኛው ስልኩን ጠየቁ። «ድምፁ ጠፍቷል» አሉ እትዬ።

«ማን አጠፋው?»

ከኋላ ወንበር ላይ አራታችንም ጣሪያ ጣሪያውን እናያለን። የሰማነውን መሐላ ብንመሰክር ይበቃቸው ነበር። ግን ትእዛዝ ጥሶ ማስረጃ ያጠፋ ሰው እንደሚጠየቅ ጠበቃው በር ላይ ሹክ ብሎናል። እትዬ ዞር ብለው አዩኝ።

«እኔው ነኝ ጌታዬ፤ እርቅ መስሎኝ» አሉ።

መሬቱ ለአንሙት ተፈረደ። በሳምንቱ ቅዳሜ ገበያ ላይ አግኝተውኝ እጄን ያዙ። «ልጄ፣ አንተ ታውቅበታለህ፤ ያ ድምፅ አይመለስም?»

የይግባኙ ቀን ገና አላለፈም ነበር፤ እኔም አፍ ነበረኝ።

«አይመለስም እትዬ» አልኳቸው።

ዛሬም ሰው ሲጣላ ለሽምግልና የምጠራው እኔ ነኝ።