ለለቅሶ የተረፈ ፎቶ

ስልክ የማያውቀው ነገር የለም። የጠቆረ መዳብ በሎሚና በጨው ሲታሽ እንደሚፈካ ያውቃል። በርጩማ የእውነት ያረጀ ይሁን ወይስ ትናንት ተጠርቦ ጭስ ላይ ያደረ፣ ገልብጠው እግሩን ሲያዩት እንደሚለይ ያውቃል። ያውም አይሰለችም። የእኛ መምህራን፣ እግዜር ይስጣቸውና፣ አንድን ነገር ደግመን ከጠየቅናቸው ዓይናቸው አርጩሜ ይፈልግ ነበር፤ ስልክ ግን ስንቴም ወደ ኋላ ቢመልሱት ሳይቆጣ ከዚያው ይጀምራል። ከአሥረኛ ክፍል ለቀረ ሰው ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት ከየት ይገኛል?

የሚያስተምረኝን ደግሞ ልንገራችሁ። ሆሳዕና ከተማ፣ ከቤቴ ሳልወጣ በቴሌግራም የቆዩ ዕቃዎች እሸጣለሁ። የወተት ጮጮ፣ የቀንድ ዋንጫ፣ ሙዳይ፣ በርጩማ፤ በፊት ቁራሌው በፕላስቲክ ጆግ ለውጦ ጆንያው ውስጥ የሚወረውረውን ማለቴ ነው። ወደዚህ ሥራ ለመግባት የምታስቡ ካላችሁ ያለኝን አልሰስትም። ቪዲዮ የምትሠራ አንዲት ፈረንጅ አለች፤ ቋንቋዋን አልሰማም፣ እጇን ግን እሰማለሁ። መስኮት ሥር ነጭ አንሶላ ታነጥፍና ዕቃውን በጠዋት ብርሃን ታነሳዋለች። ስንጥቁን አትደብቅም፤ እንዲያውም ለብቻው አቅርባ ታሳያለች። የተደበቀ ስንጥቅ ጠብ ነው፣ የታየ ስንጥቅ ግን ዕድሜ ነው። ፎቶ ሲሰጡት የዕቃውን መሳይ ዓለም ላይ ካለበት ለቅሞ የሚያመጣ መፈለጊያም አለ፤ ሌላው ስንት እንደጠራበት ሳያዩ ዋጋ መጥራት በጨለማ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ነው። የሻጮች ግሩፕ አለ፤ ዕቃ ተቀብሎ ስልኩን ያጠፋ ሰው መልኩ እዚያ ይለጠፋል፤ ከመላካችሁ በፊት ገዢያችሁን እዚያ ፈልጉት። መተርጎሚያም አለ። እሱን ባላነሳው ደስ ባለኝ።

እነዚህን የያዘ ሰው አይከስርም ይባላል። እኔም አልከሰርኩም። ብቻ ከእነዚህ ሁሉ አንዱም የማይጠይቀው ጥያቄ አለ፤ ባለቤቱ በዕቃው ሥራውን ጨርሷል ወይ?

ታምራት ባጃጅ ነጂ ነው። አባቱ አባባ ላፌቦ ሌሞ ውስጥ ስማቸው የሚጠራ ሽማግሌ ነበሩ። አንድ ቀን ታምራት ባጃጁን ደጄ አቆመና በጋቢ የተጠቀለለ ነገር ታቅፎ ገባ። ጋሻና ጦር ነው። ጋሻው የጎሽ ቆዳ፣ ቅቤ ጠጥቶ ጠጥቶ የጠቆረ፤ የጦሩ ዘንግ ደግሞ መዳፍ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ለስልሶ ጎድጎድ ብሏል።

«እትዬ፣ ይሄ ቶሎ ይሄዳል አይደል?»

«ይሄዳል። አባትህ ፈቅደዋል?»

«እሳቸው እኮ ሆስፒታል ተኝተዋል።»

«እሱንማ ሰምቻለሁ። ፈቅደዋል ወይ ነው ያልኩህ።»

«መድኃኒት ቤቱ የአባቴን ፈቃድ አይቀበልም፣ እትዬ!»

ምን ይባላል? ልጅ አባቱን ለማዳን የአባቱን ጋሻ ከሸጠ፣ ጋሻው ጋሻነቱን ተወጣ ብዬ ለራሴ አስረዳሁ። ሰው ለራሱ ሲያስረዳ ተማሪው ሰነፍ ሆኖ አያውቅም። አንሶላዬን አነጠፍኩ፣ በጠዋት ብርሃን አነሳሁት፣ «በጀግና እጅ የኖረ» ብዬ ጻፍኩበት። አዲስ አበባ ያለ አንድ ነጋዴ ወዲያው ወሰደው። መልኩን ግሩፑ ላይ ፈልጌ ነበር፤ ምንም አልተገኘበትም።

መድኃኒቱ ተገዛ። አባባ ላፌቦ ግን የሚድኑ አልሆኑም፤ ሐኪሞቹ ቤታቸው ይረፉ ብለው ሸኟቸው። መንደራቸው ሩቅ ስለሆነ ሴት ልጃቸው አበበች ዘንድ አረፉ፤ አበበች ደግሞ አጥር የምትጋራኝ ጎረቤቴ ናት። ትንሽ ሾርባ ቀምሰው ዓይናቸውን እንደገለጡ መጀመሪያ የጠየቁት ጋሻቸውን ነው። ቅቤ ሊያስቀቡት።

አገሩን ለማታውቁ ላስረዳ። በዚህ አካባቢ ትልቅ ሰው ሲሞት የሚለቀሰው ሜዳ ላይ ነው። ጦርና ጋሻው ይወጣል፤ የቅርብ ዘመድ ጋሻውን አንግቦ ጦሩን እየሰበቀ ሜዳውን ይሮጥበታል፣ አልቃሿም ሟቹ የሠራውን እያነሳች ትከተለዋለች። አሁን አሁን ብዙው ሰው ትቶታል፤ በመዝሙር ይሸኛል። አባባ ላፌቦ ግን ቆራቢም ነበሩ፣ ጋሻቸውንም አልተዉም። ያንን ሩጫ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለሌላው ሲሮጡ ኖረዋል፤ አሁን ተራው የእሳቸው ነበር።

አበበች በማግስቱ መጣች።

«የቤተልሔም እናት፣ ታምራት አንቺ ጋ ወሰድኩት ይላል። ውሸቱን ነው በዪኝ።»

«እውነቱን ነው።»

«እና አባቴን ባዶ ሜዳ ላይ ላስለቅሳቸው ነው?»

ይህንኑ ብላ ተቀመጠች።

ለነጋዴው ደወልኩ። «እሜቴ፣ ከእጄ የወጣ ዕቃ ዘመዴ አይደለም» ብሎ ዘጋው። እንግዲህ የተማርኩት ለዚህ አይደል? ፎቶውን ለመፈለጊያው ሰጠሁት። አላሳፈረኝም፤ አገኘው። በፈረንጅ አፍ የተጻፈ ገጽ ላይ፣ ጋሻው ያው ጋሻ፣ አንሶላው የእኔው አንሶላ። «ተሽጧል» የሚል ምልክት ተደርጎበታል። ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ለመተርጎሚያው ሰጠሁት። እንዲህ አለኝ፦ «የሟች ተዋጊ ንብረት። ለመጨረሻ ጊዜ የወጣው በባለቤቱ የቀብር ሥነ ሥርዓት ላይ ነው።»

መተርጎሚያው ተሳስቶ በሆነ ብዬ ጸለይኩ። ደግሜ ሰጠሁት፤ ደግሞ ያንኑ አለ። የሟቹ ሳል በአጥሩ በኩል ይሰማኛል።

ለአበበች ተሽጦ አልፏል አልኳት፤ ጽሑፉን ግን አላሳየኋትም። አባባ ላፌቦ መሸጡን ከልጆቻቸው ፊት ላይ አንብበው ጨርሰው ኖሯል፤ አስጠሩኝ።

«ፎቶ የምታነሺው አንቺ ነሽ አሉ።»

«አዎ፣ አባባ።»

«እስቲ አሳዪኝ።»

ስልኩን ሰጠኋቸው። ጣታቸው ሲያርፍበት ጋሻው ተለቀና መስታወቱን ሞላው። አውራ ጣታቸውን ወዲያና ወዲህ አሹት።

«አይሻክርም» አሉ። ቀጥለው አልጋው ግርጌ ወደተቀመጠው ታምራት ዞሩ። «አንተ! በምን ልትሮጥልኝ ነው? በባጃጅ?»

ታምራት ጉልበቱ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ።

«ተው እንግዲህ» አሉት፣ እጃቸውን ወደ ጭንቅላቱ ሰደው። «ገና አለሁ። አሁን ካለቀስከው ያኔ ምን ሊተርፍህ ነው?»

በሰንበት፣ ቅዳሴ ሲወጣ አረፉ።

ታምራት ያቺን ፎቶ ከእኔ ተቀብሎ ማተሚያ ቤት ሄደ። ጋሻና ጦሩን ከሰው ቁመት በላይ አድርጎ በባነር አሳተመው። የፈረንጇ ትምህርት ከንቱ አልሆነም፤ የቆዳው ስንጥቅ አንድ በአንድ ይታያል። ታምራት አፍሮ ሩጫውን የተወለት የአባባ ላፌቦ የወንድም ልጅ ባነሩን ከፍ አድርጎ ሜዳው ላይ ሩጫ ሲጀምር ነፋስ ገባበት። ባነሩ እንደ ሸራ ተነፋና ወደ ኋላ ጎተተው፤ ሊያስተካክል ሲዞር እግሩ ላይ ተጠመጠመበት። አልቃሿ ጀምራ የነበረውን ስንኝ አቋርጣ ጠበቀችው። ከጎኔ በትራቸውን የተደገፉ አንድ አዛውንት፣ «ጋሻ ነፋስ ሲፈራ አየሁ፤ እንግዲህ ይበቃኛል» አሉ። ከኋላችን ሳቁን በነጠላው ያፈነም ነበር። አበበች ቀና አላለችም።

እግዚአብሔር ፊት ሁሉም ባዶ እጁን ነው የሚቆመው፤ ይህን አምናለሁ። ሜዳ ላይ የሚያየው ግን እግዚአብሔር ብቻ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ሰው ደጄን ይሸሻል ብዬ ጠብቄ ነበር። ጭራሽ ስልኬ አላርፍ አለ። ከሾኔ ይደውላሉ፣ ከዱራሜ ይደውላሉ። «የዚያ ለቅሶ ባነር ጥራቱ ጉድ ነበር፤ የእኛንም አባት ዕቃ ነይና አንሺልን። ዕቃውን ትሸጪዋለሽ፣ ፎቶውን ለቀኑ እናስቀምጠዋለን።» ሲናገሩት ትክክል ነው የሚመስለው። አባት ግን በመሐል የለበትም።

ባለፈው አንዱ ከሀቢቾ ጦሩን ብቻ ሳይሆን አባቱንም ይዞ መጣ። ሽማግሌው ጦሩን ተክለው መስኮቴ ሥር ተቀመጡ።

«አባባ፣ አንዴ ይልቀቁትና አንሶላው ላይ ላጋድመው።»

«አልለቅም።»

«አባዬ፣ ለፎቶ እኮ ነው!» አለ ልጁ።

«እንደያዝኩት ታንሳው። እጄን የሚገዛ ካለ እሱም ይምጣ።»

እንደያዙት አነሳኋቸው። ጦራቸውን ይዘው በመጡበት መኪና ተመለሱ። ልጁ ግን አሁንም ይደውላል፤ ፎቶውን ለምን እንዳልለጠፍኩ ይጠይቀኛል።

«ትንሽ ታገሥ» እለዋለሁ።

እሺ ይላል። የማን እጅ ጦሩን እስኪለቅ እንደምንጠብቅ ሁለታችንም እናውቃለን።