«አልተገኘም» የማይዋጥላቸው

የመርካቶ ነጋዴ «የለም» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም። ዕቃው ከሌለው «ቁጭ በይ» ብሎ ከጎረቤት ሱቅ ያመጣዋል።

እዚያው መርካቶ፣ ጥገና ሱቅ ውስጥ፣ አሮጌው ላፕቶፔ ላይ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚባል ቀለል ያለ ሲስተም ተጫነና ዋይፋዩ እምቢ አለ። የማታ ትምህርቴን የቤት ሥራ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት በኢሜይል ካልላክሁ ደግሞ ዜሮ ነኝ። ለጠጋኙ ለጋሽ ሙዘይን ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን አነበብኩላቸው፦ «የዋይፋዩ ፋይል አልተገኘም።»

«መርካቶ ተቀምጦ? ማነው እሱ?» ብለው ተቆጡ።

«ጋሼ፣ ፋይል እኮ ሱቅ ውስጥ አይሸጥም። የሚወርደው ከኢንተርኔት ነው፤ ኢንተርኔቱ ነው የጠፋው።»

«ቁጭ በይ!»

ከጎረቤት ጨርቅ ሱቅ የባለቤቱን ስልክ ከነገመዱ አምጥተው ላፕቶፑ ላይ ሰኩት። በስልኩ ኢንተርኔት ፋይሉ ወረደ፤ ዋይፋዩም ሠራ። የቤት ሥራዬን እየላክሁ ሳለ በትከሻዬ በኩል አጮልቀው፣ «መምህርሽም የጎደለው ነገር ካለ ወደ እኔ ላኪው» አሉኝ።