ኳስ የሚውጠው ስክሪን

ሰው ሲያረጅ ይከበራል፤ ዕቃ ሲያረጅ ግን መካሪው ይበዛበታል። ጫማችሁ ቢቀደድ ዝም የሚላችሁ ጎረቤት፣ የቤታችሁ ዕቃ ሲያረጅ እንቅልፍ ያጣል። “አሁንም ይቺን ነው የምትጠቀሙ?” ይላችኋል፤ እናንተ ያላፈራችሁበትን እሱ ያፍርላችኋል።

ደባርቅ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ አንዲት ጠባብ ጌም ቤት ነበረችኝ። ንብረቷ አግዳሚ ወንበርና አንድ ስክሪን ነው፤ ያ የድሮው፣ ከፊቱ ይልቅ ከኋላው የሚወፍረው። ሲከፈት እንደ ባለሥልጣን ያስጠብቃል፤ ሲንቀጠቀጥ ጎኑን በጥፊ መታ ማድረግ ነው። ከሁሉ የከፋው በስተቀኝ ከላይ ያለው ማዕዘኑ ነበር፤ ጠቁሯል። ኳስ እዚያ ከገባች ምን እንደምትሆን የሚያውቅ እግዜር ብቻ ነው። ያም ሆኖ ጀርባው ይሞቃል። ተራ የሚጠብቁ ደንበኞቼ እጃቸውን እዚያ ላይ እያሞቁ ነበር የሚጠብቁ።

ከደንበኞቼ ሁሉ የማይቀሩት ሁለት ጓደኛሞች ነበሩ። አንዱ ሙላት ነው፤ ፈረንጅ እየመራ እስከ አምባራስ የሚዘልቅ የተራራ አስጎብኚ። ከተራራ ሲወርድ ከቤቱ በፊት እኔ ዘንድ ነው የሚገባው፤ ሚስቱ እኔን በምን ዓይን እንደምታየኝ አትጠይቁኝ። ሁለተኛው መምህር ይርጋ ነው፤ ከአዲ አርቃይ ተዛውሮ የመጣ የሒሳብ መምህር። ደባርቅ ላይ ዘመድም ሚስትም የለውም፤ ያለው ሙላት ነው። ኳስ ጌም ሲጫወቱ ብዙውን ጊዜ የሚያሸንፈው ይርጋ ነበር። ሙላት ታዲያ ተሸንፎ አያውቅም። “ኳሷን ስክሪኑ ዋጣት እንጂ!” ይላል፤ ስክሪኑን ይረግማል፤ ይርጋ ይስቃል፤ ከዚያ ተያይዘው እራት ሊበሉ ይሄዳሉ።

እኔ ሞኙ የሙላትን እርግማን አምኜ ስክሪኑን ልቀይር ተነሣሁ። ባለቤቴ ዘነቡ፣ “ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል፤ የሚሠራ ዕቃ ምን አደረገህ?” አለችኝ። የሚስቱን ምክር የሚሰማ ባል አለ ይባላል፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ጎንደር ወርጄ ከአንድ ነጋዴ ስስ የሆነ አዲስ ስክሪን ወሰድሁ። “ካልተስማማህ ሳይጫጫር መልሰው” አለኝ፤ ደግ ሰው ነው። እንዳይጋጭ በዘነቡ ነጠላ ጠቅልዬ ሚኒባስ ውስጥ ታቅፌው ተቀመጥሁ። ዳባት ላይ አንዲት አሮጊት ገብተው አጠገቤ ተቀመጡ። ነጠላውን አዩ፤ እኔን አዩ፤ ቀስ ብለው አማተቡና ሊሳለሙት ጎንበስ አሉ።

“እማማ፣ ሥዕል አይደለም፤ ስክሪን ነው” አልኋቸው።

“ታዲያ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የተከናነበው?” ብለው ተቆጡኝ። እስከ ደባርቅ ድረስ ፊታቸውን አዙረው ሄዱ።

አዲሱ ስክሪን ተሰቀለ። እናንተዬ! ሣሩ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ የዳኛው ላብ ሳይቀር ይታያል። ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ። ሙላትና ይርጋ ጆይስቲክ ያዙ። ይርጋ አገባ። ደገመ። ሠለሰ። ሙላት አፉን ከፈተና ወደ ቀኙ ማዕዘን ተመለከተ፤ ማዕዘኑ እንደ ጥምቀት ሰማይ ጥርት ብሏል። አፉን መልሶ ዘጋ። ከኋላ አንዱ፣ “ሙሌ፣ ዛሬስ ማን ዋጣት?” ሲል ቤቱ በሙሉ አውካካ። ሙላት ጆይስቲኩን አስቀምጦ፣ ጃኬቱን ለብሶ ወጣ። እራትም የለ።

ከዚያ ወዲያ ቀረ። ከተራራ ይወርዳል፤ በእኔ በር ግን አያልፍም። ይርጋ ብቻውን እየመጣ ጥግ ይይዛል፤ ከሌላ ጋር ተጫወት ሲሉት “ደክሞኛል” ይላል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ሳይኖር፣ ጠጋ አለኝ።

“ጋሽ ደሴ፣ ያን አሮጌውን ጣሉት እንዴ?”

አልጣልሁትም፤ ዘነቡ ጓዳ ወስዳ የሽንኩርት ማስቀመጫ አድርጋዋለች።

“እባክዎ ይመልሱልኝ” አለ። “ማሸነፉ ምን ያደርግልኛል? ቤቴ ገብቼ ብቻዬን ነው የምበላው።” ዓይኔን ወደ በሩ አዞርሁ።

ሽንኩርቱን አራግፈን አሮጌውን ወደ ቦታው መለስነው። ሙላት ቤት ሄጄ፣ “አዲሱ አልሆነኝም፤ ዓይን ያማል” አልሁት። “እኔስ ገና ሳየው መች ጠፋኝ!” አለ። በማግስቱ መጣ፤ ተጫወተ፤ ተሸነፈ፤ ስክሪኑን እስከ ሰባት ትውልዱ ሰደበው። ይርጋ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ተቃቅፈው ወደ እራታቸው ሲሄዱ ለእኔ ደኅና እደር ያለኝ የለም።

አዲሱን ይዤ ጎንደር ወረድሁ። ነጋዴው አበራው፤ አገላብጦ አየው።

“ምን ጉድለት አገኘህበት?”

“ምንም።”

“ታዲያ ለምን መለስኸው?”

“እኮ ምንም ጉድለት ስለሌለበት።”

ነጋዴው ስክሪኑን ትቶ እኔን ያይ ጀመር። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በርኅራኄ፣ “ወንድሜ፣ ጠበል ሞክረሃል?” አለኝ።