ሙሽራና የታደሰ ጎማ

አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። አባቶቻችን መኪና ስላልነበራቸው ረሱት እንጂ ሦስተኛው ጎማ ነው። ለራስ መላጣ መስተዋት አለ፤ የጎማን መላጣ ለማየት ግን ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል። ጎንበስ ማለትን ደግሞ የማን ወገብ ይወዳል?

የኔ ወገብ ይወድ ነበር። በደርግ ዘመን፣ ቦሌ ከአውሮፕላን ማረፊያው ወዲህ ስንኖር፣ አንዲት አመድማ ቮልስ ነበረችኝ። አዲስ ጎማ እንደ ልብ አይገኝም። ተራ ይጠበቃል፤ ተራው ሲደርስ ጎማው አልቋል ይባላል። እኔ ታዲያ ችግሩን ወደ ፍልስፍና ለወጥኩት። ጎማ ቢቀብሩት አይበሰብስ፣ ቢያቃጥሉት ሰፈር በጥቁር ጭስ ያፍናል። ስለዚህ የውስጥ ክሩ ሳይወጣ ማሳደስ፣ ማለትም ደህና አካሉ ላይ አዲስ ጥርስ አስለጥፎ ደግሞ መንዳት፣ ለምድርም ለሰማይም ጽድቅ ነው እል ነበር። ንፋሱን ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ አስለኩ፣ የፊቱን ከኋላው አቀያይሩ፣ ጎኑ የተሰነጣጠቀውን አታሳድሱ እያልኩ ያልመከርኩት ጎረቤት የለም። አንድ እሁድ በቀበሌ ስብሰባ ላይ "ሌላ ጉዳይ ያለው?" ሲባል ተነስቼ ስለ ጎማ ብዙ ተናገርኩ። ሊቀመንበሩ ሰዓታቸውን እያዩ፣ "ጓድ መኮንን፣ ጎማ አብዮቱን የሚመለከተው በየት በኩል ነው?" ብለው ጠየቁኝ። "በአራቱም በኩል" አልኳቸው። ጭብጨባም የጠበቅኩ ይመስለኛል።

እንዲህ ያለ የጎማ ሊቅ በሰፈሩ እያለ ሙሽራ በማን መኪና ትምጣ? የጎረቤቴ የእትዬ ወርቄ ልጅ ተስፋዬ ከኮተቤ ሊያገባ ሆነና እናቲቱ ደጄ ድረስ መጥተው ለመኑኝ። በሰርጉ ቀን ቮልሷ ታጥባ፣ ሪባንና አበባ ለብሳ ቀረበች። ልንነሳ ስንል እትዬ ወርቄ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ "መኮንንዬ፣ መንገዱ ጉድጓድ ነው፤ ልጅቷን እንዳታንገጫግጭብኝ" አሉኝ።

ምን ባደርግ ጥሩ ነው? መንገዱን መደልደል አልችልም። ጎንበስ ብዬ ከአራቱም ጎማ ንፋስ ቀነስኩ። የላላ ጎማ ጭነት ሲበዛበት እንደሚግል፣ የተለጠፈ ጥርስ ደግሞ ሙቀት እንደማይችል ለሰፈሩ ሁሉ ያስተማርኩት እኔው ነኝ። ነገር ግን "የጋሼ መኮንን መኪና እኮ እንደ ፍራሽ ናት" መባል አማረኝ።

ስንሄድ ደህና ነበርን። ስንመለስ ሙሽራዋ አልማዝ፣ ተስፋዬና ሁለት ሚዜዎች ተጭነው፣ አጃቢው ከኋላ ከበሮ እየመታ፣ መገናኛን አልፈን ወደ ቦሌ ስንወርድ የኋላው ጎማ ጥርስ ተገሽልጦ የመኪናዋን ሆድ ይገርፈው ጀመር። ጧ፣ ጧ፣ ጧ።

ያን ዘመን የኖረ ያውቀዋል። እንዲህ ያለ ድምፅ ሲሰማ መጀመሪያ ይተኛል፤ ምን እንደሆነ የሚጠየቀው ከተረፉ በኋላ ነው። ከበሮው ቀጥ አለ። መንገደኛው ቦይ ውስጥ ገባ። ሚዜዎቹ አንገታቸውን ቀበሩ፤ ተስፋዬ ሙሽራዋን ከነቬሎዋ ወደ ታች ጎትቶ በላይዋ ተደፋባት። መኪናዋን አቁሜ ስወርድ አንድ የአብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን ወድሮ ደረሰ።

"ማነው የተኮሰው?" አለ።

"ጎማ ነው" አልኩ፣ እጆቼን ወደ ላይ እንዳነሳሁ።

"የማን ጎማ?"

"የኔ።"

አስፋልቱ ላይ የተዘረጋውን ጥቁር ልጥ በጫማው ገለበጠው፤ እኔን አየ፤ ደረቴ ላይ የሰካሁትን አበባ አየ። ከዚያ ጠመንጃውን አወረደ። ይሄኔ ከመኪናዋ ውስጥ አልማዝ በቀጭን ድምፅ፣ "አለቀ?" ስትል ሰማኋት። ቀና ስትል ኩሏ ጉንጯ ላይ ወርዷል። የሰርጓ ቀን ነበር። አንድ ክፉ ቃል አልተናገረችኝም። ብትሰድበኝ ምን ነበረበት?

መለዋወጫ ጎማ አልነበረህም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ነበረኝ፤ ከወለቀው የባሰ መላጣ። የአብዮት ጥበቃው አንዲት ሰይቼንቶ ታክሲ አስቁሞ ተሳፋሪዎቹን ቢለምናቸው ወረዱ፤ ሙሽሮቹ ገቡ። አጃቢውም ከበሮውን አንስቶ ታክሲዋን ተከተለ። እኔ በሙሉ ልብስ፣ በሪባን ካጌጠች ባዶ መኪና አጠገብ ተንበርክኬ ቀረሁ። በዚያ ያልፉ የነበሩ አንዲት አሮጊት ቆመው አዩኝና ከንፈራቸውን መጠጡ።

"ሙሽራዋ ጥላህ ሄደች ልጄ?"

"አዎ፣ እማማ።" ስለ ጎማ ለማስረዳት አፍሬ ነበር።

"ግድ የለም፤ ሌላ ትገኛለች" ብለው መርቀውኝ ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ምክሬን የምመክረው ራሴን ብቻ ሆነ። ተራዬ ደርሶ አዲስ ጎማ ገዛሁ። አሮጌዎቹን በረባሶ ለሚሠሩ ሰጠሁ፤ ቢያንስ ሰው እግር ሥር ገብተው ያገልግሉ ብዬ። ንፋሱን ሳላስለካ የምወጣበት ቀን አልነበረም። ስለ ጎማ ግን ትንፍሽ አልልም።

ዓመት ሊሞላ ሲል አንድ ማለዳ ደጄ ላይ መኪናዬን ስወለውል ተስፋዬ ሸሚዙን ሳይቆልፍ ከቤቱ እየሮጠ ወጣ። እትዬ ወርቄ ከበሩ ላይ ሆነው፣ "ቶሎ በል፣ ምጡ ገፍቷል" ይሉታል። ልቤ ተነሳ። እግዜር የሚያስክሰኝ ዛሬ ነው ብዬ የመኪናዬን በር ወለል አድርጌ ከፍቼ ቆምኩ። ተስፋዬ አጠገቤ ሲደርስ ሩጫውን ገታ አደረገ፤ ጎማዎቹን አየ፤ እኔን አየ፤ ከዚያም ዝቅ ብሎ በአክብሮት እጅ ነሳና፣ "እንደምን አደሩ፣ ጋሼ" ብሎኝ ታክሲ ፍለጋ ወደ አስፋልቱ ሮጠ።