እትዬ አስካለ ሸክላ ሲያስቀርጹ

እኛ ሐበሾች አብረን ስንዘፍን ደስ የሚለን ሁላችንም አንድ መንገድ ይዘን ስንተም ነው። አውጪው ያወጣል፣ ተቀባዩ ይቀበላል፣ ከዚያ ወዲያ ዜማው የማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ሶል የሚሉት የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ ግን ሌላ ጠባይ አለው። አንዷ ከላይ፣ አንዷ ከመሃል፣ አንዷ ከታች ሆናችሁ፣ ተለያይታችሁ ተስማሙ ይላል። መለያየቱንስ የዕድራችን ስብሰባ አስተምሮናል። መስማማቱ ነው ጣጣው።

ይህን ጣጣ ያመጡብን እትዬ አስካለ ናቸው፤ እዚህ ባሕር ማዶ ዌሪቢ በሚባል ሰፈር የሚኖሩ ጡረተኛ፣ ድምፃቸው ከራሳቸው ቀድሞ በር የሚገባ። በየሰርጉ እሳቸው ሲያወጡ እኔና ነርሷ ሰናይት እንቀበላለን። እኔ ላቨርተን ኖርዝ ሰፈር ባለ መጋዘን ውስጥ ዕቃ አሻጊ ነኝ። አንድ ሰርግ ላይ ግሬግ የሚባል ፈረንጅ ስንዘፍን ሰማን። ሜድስቶን ሰፈር፣ ከጓሮው ባለች የቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ የሶል ሸክላ ያሳትማል። «በሦስት ድምፅ ብትዘፍኑልኝ ሸክላ አወጣላችኋለሁ» አለ። እኔና ሰናይት ሳቅን። እትዬ አስካለ አልሳቁም።

ለካ እንቅርታቸውን ሊያስወጡ ቀጠሮ ይዘው ኖሯል። ሐኪሙም ድምፃቸው ሊለወጥ እንደሚችል ነግሯቸዋል። የቀረው ሦስት ሳምንት ነው።

«ይሄ ድምፅ ሳይሄድ ሸክላ ላይ ይቀመጥልኝ» አሉን። እሺ ከማለት ሌላ ምን ይባላል?

የታችኛው ድምፅ ለእኔ ደረሰኝ። ጉድ የፈላውም እዚህ ላይ ነው። ሁለት ስንኝ ሳልሄድ ድምፄ ሾልኮ የእትዬ አስካለ ዜማ ውስጥ ይገባል። እንዴት አይግባ? ሃያ ዓመት ስከተላቸው ኖሬ! ባቡር ውስጥ አንድ ጆሮዬን በጣቴ ደፍኜ ሳጉረመርም፣ አጠገቤ የነበሩት አንድ ባንድ ወንበር ቀየሩ። እኔ ቀጠልኩ። ዕቃ ሳሽግም አጉረመረምኩ። ልጄ «ማም፣ ፕሊስ!» አለችኝ። አላቆምኩም።

የቀረጻው ቅዳሜ ደረሰ። አንዷን ማይክሮፎን ሦስታችንም ከበን ቆምን። በመጀመሪያው ሙከራ ሾለክሁ። በሁለተኛውም ሾለክሁ። በአምስተኛው ግሬግ አንገቱን ደፋ።

«እኔን ተዉኝና ሁለታችሁ ዝፈኑት» አልኩ፣ እንባዬ እየመጣ።

እትዬ አስካለ ትከሻዬን ይዘው ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞሩት። «ብርቄ፣ እኔን አትስሚኝ።»

«አንቱን ሳልሰማ እንዴት ብዬ?»

«ሃያ ዓመት ሰምተሽኛል፣ ይበቃል። አሁን የራስሽን ያዢ።»

ግድግዳው ላይ አፈጠጥኩ። የእሳቸው ድምፅ ከበላዬ አለፈ፣ የሰናይት ከመሃል ገባ። እኔ ከቦታዬ ንቅንቅ አላልኩም። ሲያበቃ ግሬግ መነጽሩን አውልቆ አበሰ።

ኦፕሬሽኑ በደህና አለፈ። ድምፃቸው ግን፣ እንደተፈራው፣ ወፍሮና ሻክሮ ቀረ። ሸክላው ታትሞ ሲመጣ ሰናይት ማጫወቻ ተውሳ፣ የማጽናኛ ቃል በመንገድ ላይ እየተለማመድን ቤታቸው ሄድን። እስከ መጨረሻው አዳመጡ። እኛ መሬት መሬት እናያለን።

«ጎበዝ ሴት ነበረች» አሉ መርፌውን እያነሱ። «በሉ፣ ለሁለተኛው ሸክላ ግሬግን ቡክ አድርጌዋለሁ። ብርቄ፣ አንቺ ታወጪያለሽ። የታችኛው ለእኔ ነው።»

«እኔ? ኧረ እትዬ! ደግሞስ ሐኪሙ ዕረፉ አላለም?»

«ሐኪሙ የነካው ጉሮሮዬን ነው። አለቅነቴን ማን ነካው?»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሱ ነበር? እኔ «መቼ ነው?» አልኳቸው።