የዊንታ ሐረግ ዋና ተቆጣጣሪ

አንድ ቧንቧ ለስድስት ቤት በሚያገለግልበት ግቢ ሁሉ፣ የራሱ አንዲት ቅጠል ሳትኖረው የጎረቤቱን ተክል የሚያስተዳድር ሰው አይጠፋም። ዶሮ ማነቂያ ሰፈር፣ ዊንታ በምትኖርበት ግቢ፣ ይህ ከባድ ሹመት የክቡር ጋሼ ሉልሰገድ ነው። ማን እንደሾማቸው የሚያውቅ የለም።

ዊንታ ሐረጉን ከአምስት ኪሎ ችግኝ ሻጭ ያመጣችው ልጇን ጸሎትን አርግዛ ሳለች ነው። ሻጩ «ሃኒሳክል» ቢለውም ግቢው «ማር ሐረግ» ይለዋል፤ ነጭ ሆኖ ይፈነዳል፣ ውሎ አድሮ ቢጫ ይሆናል፣ ልጆች አበባውን እየቀጠፉ ጭራውን ይመጠምጡታል። ሽታው ቀን ቀን ድምፁን ያጠፋል። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ግን በመስኮት ቀስ ብሎ ገብቶ አልጋው ጠርዝ ላይ የተቀመጠ ይመስላል። ያኔ የስምንት ወሯ ጸሎት ዓይኗ ይከብዳል። ሌላ የሚያስተኛት የለም፤ እሹሩሩም ሞባይልም ተሞክሯል።

ጋሼ ሉልሰገድ ጠዋት ጠዋት ጢማቸውን ተላጭተው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይመጣሉ። ከእሳቸው በፊት የሳሙናቸው ሽታ ይደርሳል።

«አንቺ ልጅ፣ ሥሩን በሣር ሸፍኚው። ፀሐይ የሚወደው ጫፉ ነው።»

«እሺ ጋሼ።»

«አበባ የጨረሰውንም ቁረጪ እንጂ፤ ምን ታስታምሚዋለሽ?»

«ትናንት አይቆረጥም ብለውኝ ነበር እኮ።»

«ትናንት ትናንት ነው።»

በጋው ከረረ። ውሃ በሳምንት አንዴ ሆነ፤ ከምግብና ከልጅ አልፎ ለሐረግ የሚተርፍ ጠፋ። እምቡጦቹ ረገፉ፣ ጸሎትም ማታ ማታ ማልቀስ ጀመረች። ዊንታ የልጇን ልብስ ያጠበችበትን ውሃ ይዛ ብትወጣ ጋሼ መንገድ ዘጉ።

«የሳሙና ውሃ? ልትገድዪው ነው?»

«ታዲያ በምን ላጠጣው? በምራቄ?»

«በሳሙና ግን አይሆንም» ብለው ገቡ። የጋሼ ምክር፣ አለች ዊንታ በሆዷ፣ ተጠራቅሞ አንድ ኩባያ አይሞላም።

ሐረጉ ግን አልሞትም አለ። ሥሩ ጠዋት ጠዋት እርጥብ ነው። ጤዛ ይሆናል ብላ ተወችው።

አንድ ቀን ጋሼ ጉንፋን ጣላቸውና ዊንታ አጥሚት ይዛ ገባች። መስኮቱ ላይ ሳሙናቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ከሥሩ የታጠቡበት ውሃ በሳፋ ተቀምጧል፤ አንዲት አረፋ የለበትም። ጤዛው የማን እንደነበር ያኔ ገባት።

«ሳሙናው ምን ሆኖ ነው ጋሼ?»

«ለቆዳዬ አልተስማማም» አሉ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው።

ሳፋውን አንስታ ወጣች።

«ቅጠሉ ላይ እንዳታፈሺው» የሚል የጎረነነ ድምፅ ተከተላት። «ሥሩ ላይ።»

«እሺ ጋሼ።»

በሳምንቱ ሁለት አበባ ፈነዳ። ያን ምሽት ጸሎት እንደተኛች ዊንታ ግቢውን ተሻግራ የጋሼንም መስኮት ከፈተችላቸው።

«ብርድ ይገባል እኮ» አሉ።

አልዘጉትም።