ፈንታነሽ ዘታቦር ራዲዮኑን ስማቸውን እንዳስጠሩት

ንዌጥን እንከ ጽሒፈ ዜናሃ ለፈንታነሽ፤ እንግዲህ የፈንታነሽን ዜና መጻፍ እንጀምራለን። ስማርት ስልክ በደጋው ላይ በነገሠበት፣ ኔትወርክም እንደ ዓመፀኛ ባላባት ሲሻው ገብሮ ሲሻው በሸፈተበት ዘመን፣ በዘመነ ማርቆስ፣ በወርኃ ኅዳር፣ የወሬ እመቤት፣ የካሜራ እቴጌ፣ ባትሪያቸው ቢደክም ልባቸው የማይደክም ወይዘሪት ፈንታነሽ፣ በደብረ ታቦር ከተማ በፌስቡክ ገጻቸው ዙፋን ላይ ተቀምጠው ነበር።

የገጹም ስም «የታቦር ወሬ» ይባላል። ተከታዮቻቸውም እነዚህ ናቸው፦ ሳያነቡ የሚያጨበጭቡ፣ አንብበው የሚያኮርፉ፣ «አንደኛ ነኝ» ብለው ጽፈው የሚሰወሩ፣ ለሠርጉም ለመብራት መጥፋቱም «አሜን» የሚሉ፣ በግንባርም የሚሰለፉ ተሳዳቢዎች፣ እነርሱንም የሚሳደቡ ደጀኖች። መንገድ ሲዘጋ፣ ውኃ ሲቋረጥ፣ የሰው በሬ ሲጠፋ፣ አገሩ ጋዜጣ መጠበቁን ትቶ ወደ ፈንታነሽ ይጮህ ነበር። ድሮ ነጋሪት ተጎስሞ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይባል የነበረውንም፣ እርሳቸው በአንዲት ሼር ይጨርሱት ነበር።

ነገር ግን በዚያ ወራት፣ ስሙን ለመጻፍ ብራናችን የተጸየፈው አንድ ራዲዮን ነበር፤ በራዲዮኑም ሲሳይ የሚባል ድምፀ ጎርናና ዜና አንባቢ ነበረ። እርሱም ፈንታነሽ የለጠፉትን እንዳለ አንሥቶ፣ ከግርጌው የተጻፈውን ስማቸውን እንደ በግ ላት ቆርጦ፣ «ዘጋቢያችን እንደገለጸው» እያለ በስድስት ሰዓት ያነብ ነበር። የፈንታነሽ እናት ወይዘሮ ጥሩወርቅ ደግሞ ራዲዮን ያልተናገረውን ወሬ ከወሬ አይቆጥሩም። ልጃቸው ማለዳ ነግረዋቸው ያልሰሙትን ነገር ከራዲዮኑ ሲሰሙ፣ እጃቸውን በአፋቸው ጭነው ሲሳይን ያደንቁ ነበር፤ ይህም የፈንታነሽን አንጀት ያሳርር ነበር። ከዕለታት አንድ ቀንም ወይዘሮ ጥሩወርቅ ከማጀታቸው ደጃፍ ቆመው እንዲህ የሚል አዋጅ አወጁ፦

«ስሚ አንቺ ልጅ! የሰው ልጅ በራዲዮን ይናገራል፣ አንቺ ስልክ ስትነካኪ ይመሽልሻል። እስከ ቅዳሜ ራዲዮኑ ስምሽን ሲጠራ ካልሰማሁ፣ አንበሳሜ ወርደሽ ካጎትሽ ሱቅ ስኳር ትመዝኛለሽ። ብያለሁ፣ ብያለሁ!»

ፈንታነሽም ይህን አዋጅ ሰምተው እንቅልፍ አጡ። ከጠላት ሁሉ ስኳር አስፈራቸው።

ቅዳሜ ማለዳ ግን በገሳይ መንገድ፣ ድንች የጫነ አይሱዙ ዳገቱ ላይ የኋላ በሩ ተከፍቶ፣ ጭነቱ ሁሉ ቁልቁል ፈሰሰ። ፈንታነሽም ወሬው በደረሳቸው ጊዜ፣ የባጃጅ ፈረሰኛ የሆነውን ሙሄን አስነሥተው፣ አቧራውን እያስጨሱ ገሰገሱ፤ ድንቹም በአስፋልቱ ላይ እየተንከባለለ ሊቀበላቸው ወረደ፤ ሙሄም «ያ ረቢ!» እያለ፣ አንዱን ድንች እየሳተ ሌላውን እየጨፈለቀ፣ በሰላም አደረሳቸው። በዚያም አገሬው ተሰልፎ፣ ቄሱ በጥላቸው፣ እናቶች በነጠላቸው፣ ጎልማሳው በባርኔጣው ድንቹን እየለቀመ ለሾፌሩ ይመልስ ነበር። ፈንታነሽም ይህን ሁሉ በካሜራቸው ማረኩ።

ኔትወርክ ግን በዚያች ሰዓት ሸፍቶ ነበር። ስለዚህ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ጫማቸውን ለሙሄ አስረክበው፣ ከአይሱዙው ጣራ ላይ ወጡ፤ ስልካቸውንም ወደ ሰማይ ዘርግተው ዞሩ፤ ወደ ጉና ተራራ ሲዞሩ ኔትወርክ ብቅ አለ። በዚያ ጣራ ላይም እንዲህ ሲሉ በልባቸው መከሩ፦ ሲሳይ ጭራ ይቆርጣል እንጂ ሆድ አይከፍትም፤ የሰረቀውንም አስቀድሞ ሳያነብ ማይክሮፎን ፊት ይቀመጣል። ስለዚህ ስማቸውን ከግርጌ ትተው በዜናው ሆድ ውስጥ ቀበሩት፤ ለጥፈውም ወረዱ።

በስድስት ሰዓት ወይዘሮ ጥሩወርቅ ጎረቤት ሰብስበው ራዲዮኑን ከፈቱ። ፈንታነሽም በደጃፉ ቆመው ያዳምጡ ነበር። ያ ጎርናና ሰውም ድምፁን ጠርጎ እንዲህ ሲል አወጀ፦

«በገሳይ መንገድ የፈሰሰው ድንች በአካባቢው ሕዝብ ርብርብ ተለቅሞ ለባለቤቱ እየተመለሰ ነው። ይህን በዓይኔ አይቼ፣ ቀሚሴን ሰብስቤ ከመኪና ጣራ ላይ ወጥቼ የጻፍኩት እኔ፣ የወይዘሮ ጥሩወርቅ ልጅ ፈንታነሽ ነኝ። በሰው ላይ የደረሰ ጉዳት የለም። ከወደዱት በአውራ ጣትዎ ይጫኑ…»

እዚህ ላይ የሲሳይ ድምፅ ተገታ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ግን በቀበሌም በእድርም ፊርማቸው አውራ ጣታቸው ነውና፣ ራዲዮኑ ምስክርነት የጠየቃቸው መሰላቸው። ከመደባቸው ተነሥተው፣ አዎ ልጄ ናት ብለው፣ ጣታቸውን በራዲዮኑ ላይ አጥብቀው ቢያሳርፉ፣ ማጥፊያው ላይ አረፈና ራዲዮኑ ጸጥ አለ። ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። ወይዘሮ ጥሩወርቅም ያ ጎርናና ሰው «የጻፍኩት እኔ ፈንታነሽ ነኝ» ማለቱን መልሰው አሰቡ፤ ነገሩም ገባቸው፤ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ሁለተኛውን አዋጅ አወጁ፦

«አገር ስማ! ይኸ ራዲዮን እስከ ዛሬ ያወራኝን ሁሉ ከልጄ ሲለቅም ኖሯል! ምንጩ ከቤቴ እያለ እንስራውን ሳመሰግን ኖሬያለሁ። አንቺም የትም አትሄጂ። ከንግዲህ ግን ለአገር ከመንገርሽ በፊት ለናትሽ ንገሪ፤ ማን እንዳለው እጠይቅሻለሁ፤ በዓይንሽ ካላየሽው ከዚህ ቤት አይወጣም!»

ፈንታነሽም ከደስታ ብዛት እንደ ሕፃን አለቀሱ።

እንግዲህ ምስጋና ይሁን ለወይዘሪት ፈንታነሽ፣ የድንች ጎርፍ ላልመለሳቸው፣ የሸፈተ ኔትወርክ ለገሩ፣ ጎርናናውን ሲሳይን በአየር ላይ ቀሚስ ላለበሱ፤ አገር ሁሉ እየተከተላቸው የአንዲት እናት ጆሮ ርቋቸው ለኖሩት፣ ያችንም ጆሮ በጠራራ ፀሐይ ድል አድርገው ለያዙት፤ ከእርሷ የሚሰፋ ግዛት በደጋው ሁሉ የለምና።